ቃሉ ያልተሰማለት ሰው ዳኛ ሆነ፤ የሚፍሊን ጊብስ ሕይወትና ጽሑፎች

የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ከልደታቸው መጀመር የተለመደ ነው። እኛ ግን የዛሬውን ታሪክ የምንጀምረው ከአንድ ጫማ መደብር ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለችው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የመደብሩ ባለቤቶች ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አንደኛው ፒተር ሌስተር፣ ሁለተኛው ሚፍሊን ዊስታር ጊብስ ይባላሉ። አንድ ቀን አንድ ነጭ ደንበኛቸው መጥቶ አንድ ጥንድ ቡትስ ጫማ ለካና ወደደው፤ እስኪያስብበት ድረስ እንዲያስቀምጡለት ነግሮ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ጓደኛው መጣና ያንኑ ጫማ ካልወሰድሁ አለ። ባለመደብሮቹ ለሌላ ሰው የተቀመጠ መሆኑን ቢነግሩትም ኀላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብሎ ጫማውን እንደ ተጫማ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች የልብ ወዳጆች መሆናቸውን ስለሚያውቁ ሌስተርና ጊብስ አልተጨነቁም። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ጓደኛሞች አብረው ተመለሱ። የመጀመሪያው ጫማዬን አምጡ አለ፤ ሊያስረዱት ቢሞክሩ አልሰማም፤ በያዘው ከባድ ከዘራ ሌስተርን ደጋግሞ ደበደበው። ነገሩን ያመጣው ጓደኛው ግን አጠገቡ ቆሞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሌስተር እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሣም። ቢያነሣ ኖሮ እዚያው ተገድሎ ሊቀር ይችል ነበር፤ ገዳዩንም የሚጠይቀው አልነበረም። ጊብስ ሁሉንም በዓይኑ አይቷል። ነገር ግን በ1850 በካሊፎርኒያ የወጣው ሕግ ጥቁር ሰው ወይም የአገሬው ተወላጅ ሕንድ በነጭ ላይ በፍርድ ቤት እንዳይመሰክር ይከለክል ነበር። በ1854 ደግሞ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላው ቻይናውያንንም ይጨምራል ሲል ወሰነ። እንግዲህ ጊብስ ያየው ነገር በሕግ ፊት እንዳልታየ ነበር።

ይህ ሰው ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ በአሜሪካ ምድር በሕዝብ ምርጫ የከተማ ዳኛ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ከጫማው መደብር እስከ ዳኝነቱ ወንበር የተጓዘበትን መንገድ ለወጣት አንባቢዎቻችን ለማሳየት ነው የተነሣነው።

ልጅነቱና የእጅ ሥራው

ሚፍሊን ጊብስ በ1823 በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ቤተሰቡ በባርነት ሥር ባይሆንም፣ ሚፍሊን ስምንት ዓመት ሲሞላው አባቱ ስላረፉ ኑሮው ተናጋ። እናቱ ሕመምተኛ ነበሩ። ልጁም ትምህርቱን ትቶ በወር 3 ዶላር እየተከፈለው የአንድ ሐኪም ፈረስ ያዥና ነጂ ሆነ። ቀጥሎ በአንድ የከተማው ጠበቃ ቤት ተቀጠረ። ጠበቃው በሜሪላንድ እርሻ ነበረው፤ ሚፍሊን ተከትሎት በሄደ ጊዜ ባሮች በመስክ ሲሠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ። ያ ትዝታ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አናጢነት መማር ጀመረ። ቀን መጋዝና መዶሻ ይዞ ይውላል፤ ሲመሽ ደግሞ የከተማው ጥቁር ወጣቶች ተሰብስበው ከሚያነቡበትና ከሚከራከሩበት ማኅበር ይሄዳል። በትምህርት ቤት ያጣውን በዚያ ማኅበር ለመተካት ጣረ። ከዚህም ጋር ከባርነት የሚሸሹ ሰዎችን እየደበቀ ወደ ነጻነት የሚያሻግረውን፣ በተለምዶ የምድር ውስጥ ባቡር የተባለውን ምሥጢራዊ ሥራ ይረዳ ነበር።

በ1849 ስመ ጥሩው ፍሬድሪክ ዳግላስ ለንግግር ጉዞ አብሮት እንዲሄድ ጠራው። ጊብስ በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ከተሞች እየዞረ ስለ ባርነት ክፋት ተናገረ። ጉዞው ሲያበቃ ግን ገንዘብም ተስፋም አልቆበት አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ የዳግላስ የሥራ ረዳት የነበረችው እንግሊዛዊት ጁሊያ ግሪፍስ መተከዙን ትቶ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ለመሥራት እንዲነሣ መከረችው። ምክሯ በልቡ ተተከለ። ወቅቱ በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ ዓለምን ያናወጠበት ነበርና በ1850 በፓናማ በኩል አድርጎ ርካሹን የመርከብ ክፍል ይዞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ።

ከሊስትሮ እስከ ጋዜጣ

ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስ በኪሱ የነበረው ሳንቲም ብቻ ነው። የአናጢነት ሥራ አገኘ፤ ሥራውም ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ነጮቹ አናጢዎች ጥቁር ሰው አብሮን ከሠራ ሥራ እናቆማለን ብለው ስለዛቱ አሠሪው አሰናበተው። ሌላ ቦታም ያው ሆነበት። ጊብስ በሙያው እንዳይበላ ቢከለከልም ከሆቴል ደጅ ተቀምጦ ጫማ መጥረግ ጀመረ። ሊስትሮነቱን አልናቀውም፤ የሚያገኘውንም አላባከነውም። ጥቂት ጥሪት ካጠራቀመ በኋላ በመጀመሪያ ልብስ ነገደ፣ ቀጥሎም ከሌስተር ጋር ተሻርኮ ምርጥ ጫማ ከሩቅ አገር የሚያስመጣውን መደብር ከፈተ። ሲጠርገው የነበረውን ጫማ ሻጭ ሆነ።

መደብሩ ሀብት አመጣለት፤ ነገር ግን በመግቢያችን እንዳየነው ሀብት ብቻውን ሰውን ከዱላ አያድንም። ጊብስ ያየውን በችሎት መናገር ቢከለከልም በወረቀት መናገርን ማንም አልከለከለውም። ገና በ1851 እርሱና ጥቂት ጓደኞቹ የመምረጥና የመመስከር መብት መነፈጋቸውን በመቃወም በከተማው ጋዜጣ ላይ የውሳኔ ሐሳብ አሳተሙ። በኅዳር 1855 ከልዩ ልዩ አውራጃዎች የመጡ ወደ 50 የሚጠጉ ጥቁር ተወካዮች በሳክራሜንቶ ከተማ ተሰበሰቡ። ዋናው አጀንዳቸው የምስክርነት መብት ነበር። ስብሰባው በ1856 እና በ1857 ተደገመ። አቤቱታ እየጻፉ፣ ፊርማም እያሰባሰቡ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ ግን አልተቀበላቸውም።

ከዚህ ትግል ውስጥ ሚረር ኦፍ ዘ ታይምስ፣ በእኛ ቋንቋ የዘመናት መስተዋት፣ የተባለው ጋዜጣ ተወለደ። ይህ በካሊፎርኒያ ጥቁሮች ያቋቋሙት የመጀመሪያው ጋዜጣ ነው። ጊብስ ከባለቤቶቹና ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። ጋዜጣው ዕድሜው አጭር ነበር፤ ዛሬም የሚገኙት እትሞቹ ጥቂት ናቸው። ሆኖም በወርቅ ቁፋሮው ሰፈር፣ በወንዙ ዳር፣ በከተማው ጓዳ ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚሰሙበት ድምፅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ የማይሰማው ቃል በጋዜጣው ዓምድ ተሰማ።

በ1857 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር ጠየቃቸው። ሌስተርና ጊብስ የመምረጥ መብት ከሌለን ይህን ግብር በፈቃዳችን አንከፍልም አሉ። የግብር ሰብሳቢው ሹም ከመደብሩ ዕቃ ወስዶ ለሐራጅ አወጣው። በሐራጁ ቀን ከደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች የመጣ አንድ ነጭ ወዳጃቸው በሕዝቡ መካከል እየተዘዋወረ የነገሩን ምክንያት አስረዳ፤ ዋጋ እንዳይሰጡም ለመናቸው። ማንም ዋጋ አልጠራም። ዕቃውም ሳይሸጥ ወደ መደብሩ ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። በጫማው ቀን ዝም ብሎ የቆመ ጓደኛ ነበር፤ በሐራጁ ቀን ግን ዝም ያላለ ሰው ተገኘ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሌስተርና ጊብስ ያውቁታል።

ወደ ቪክቶሪያ መሰደድ

1858 ለካሊፎርኒያ ጥቁሮች ጨለማ ዓመት ነበር። አርቺ ሊ የተባለ ከሚሲሲፒ የመጣ ወጣት ባርያ ነጻነቱን ቢጠይቅ፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ለወጣቱ እንደሚያደላ እያመነ ለጌታው አሳልፎ ሰጠው። በኋላ በሌላ ችሎት ነጻ ወጣ፤ ነገር ግን ልብ ሁሉ ደንግጦ ነበር። በምክር ቤቱም ጥቁሮች ወደ ግዛቲቱ እንዳይገቡ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀረበ።

በዚያው ወራት በሰሜን፣ በእንግሊዝ ግዛት ባለው የፍሬዘር ወንዝ ወርቅ ተገኘ ተባለ። የቫንኩቨር ደሴት ገዥ ጄምስ ዳግላስ፣ በእናቱ በኩል የአፍሪካ ደም ያለው ሰው፣ ጥቁሮቹን በደኅና እንደሚቀበል አስታወቀ። ብዙ መቶ ሰዎች ተሰደዱ። ጊብስም በሰኔ 1858 ዱቄት፣ ብርድ ልብስ፣ ዶማና አካፋ ጭኖ ቪክቶሪያ ደረሰ። ወርቅ ለመቆፈር ከሚሮጠው ሰው ይልቅ ዶማ የሚሸጠው ሰው እንደሚያተርፍ ገብቶት ነበር፤ ዕቃውም ወዲያው አለቀ። በ1859 በኦበርሊን የተማረችውን ማሪያ አሌክሳንደርን አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ።

ቪክቶሪያም ብትሆን ያለ እንከን አልነበረችም። በ1861 ጊብስ ከባለቤቱና ከወዳጆቹ ጋር በቲያትር ቤት ተቀምጦ ሳለ ከነጮች ወገን ዱቄት ተበተነባቸው። ሆኖም በዚህች ከተማ ሕጉ ቃሉን አልከለከለውም፤ መምረጥም መመረጥም ይችል ነበር። በ1866 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፣ የገንዘብ ጉዳይ ኮሚቴም ሰብሳቢ ሆነ። በ1868 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከካናዳ ጋር እንድትዋሐድ ለመምከር በዬል ከተማ በተደረገው ጉባኤ ተወካይ ነበር። በኋላም በንግሥት ሻርሎት ደሴቶች የድንጋይ ከሰል ከማዕድኑ ወደ ወደቡ የሚያወርድ ሐዲድ አሠራ። በቪክቶሪያ ሳለ ግን ሌላ ነገርም ጀምሮ ነበር፤ በአንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ዘንድ ሕግ ማንበብ።

በዚህ መካከል በካሊፎርኒያ ጥቁሮች እንዳይመሰክሩ የሚከለክለው ሕግ በ1863 ተሻረ። ጊብስ በዚያ አልነበረም። ዘሩን የዘሩት ሰዎች ብዙዎቹ ተበትነው ነበር፤ አዝመራው ግን ደረሰ።

ጠበቃና ዳኛ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ ጊብስ ወደ አገሩ ለመመለስ ወሰነ። በኦበርሊን የሕግ ትምህርቱን በ1870 ፈጸመ። ባለቤቱና ልጆቹ ኑሯቸውን በኦበርሊን አደረጉ፤ እርሱ ግን ወደ ደቡብ ሄደ። በመጀመሪያ ወንድሙን ዮናታን ጊብስን ሊጠይቅ ፍሎሪዳ ደረሰ። ዮናታን ቄስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የፍሎሪዳ ግዛት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ሚፍሊን ወንድሙን ያገኘው ከጣራ ሥር ባለ ክፍል በጦር መሣሪያ ተከቦ ሲተኛ ነው። ኩ ክላክስ ክላን የተባለው ነፍሰ ገዳይ ማኅበር ሊገድለው ይዝት ነበርና። ዮናታን ኋላ የግዛቲቱ የትምህርት ኀላፊ ሆነ፤ በ1874 ግን በድንገት ዐረፈ።

ሚፍሊን ይህን አይቶ አልተመለሰም። በ1871 የአርካንሶ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ሊትል ሮክ ሄደ፤ በ1872 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1873 የአውራጃው ሕግ አማካሪ፣ በዚያው ዓመት በሕዝብ ድምፅ የከተማዋ ዳኛ ሆነ። ዕድሜው ኀምሳ ነበር።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ለአንድ አፍታ እናስበው። በከተማ ችሎት የሚቀርቡት ነገሮች ከባድ የመንግሥት ጉዳዮች አይደሉም፤ ስካር፣ ጠብ፣ ትንንሽ ስርቆት ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ በአንድ ጥንድ ጫማ ሰውን በከዘራ የደበደበ ሰው የሚቀርበው እንዲህ ባለው ችሎት ነው። ጊብስ በዚያ ወንበር ሲቀመጥ ጥቁሩም ነጩም እፊቱ ቆሞ ይመሰክራል፤ እርሱም የሁለቱንም ቃል ይሰማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያች ከተማ ጥቁር ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር።

ዘመኑ ግን አልዘለቀም። በ1874 የቀድሞው ሥርዓት ደጋፊዎች በአርካንሶ ሥልጣን ያዙ፤ ጊብስም በ1875 ከዳኝነቱ ወረደ። በ1877 ፕሬዚዳንት ሄይስ የመንግሥት መሬት ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ አድርገው ሾሙት፤ በመሬት ሥራም ብዙ ዓመታት ቆየ። ነገር ግን ዙሪያው እየጠበበ ሄደ። በ1891 አርካንሶ ጥቁርና ነጭ በአንድ የባቡር ፉርጎ እንዳይሄዱ በሕግ ከለከለች። በ1897 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በማዳጋስካር ደሴት፣ በታማታቭ ወደብ የአሜሪካ ቆንስል አድርገው ሾሙት። ሰባ አራት ዓመት የሆነው ሽማግሌ ወደ አፍሪካ ተሻገረ፤ እስከ 1901 አገልግሎ ተመለሰ።

የተወው ወረቀት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ጊብስ ይህን ምሳሌ ባይሰማውም ኖሮበታል። በ1902 የሕይወቱን ታሪክ ጥላና ብርሃን በሚል ስም አሳተመ፤ መግቢያውን የጻፈለት የታወቀው መምህር ቡከር ዋሽንግተን ነው። ስለ ጫማው መደብር የነገርናችሁ ሁሉ የታወቀው ከዚህ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በ1850ዎቹ ጊብስ ሊሰጥ ያልተፈቀደለት ምስክርነት ከኀምሳ ዓመት በኋላ በታተመ ወረቀት ላይ ተሰጠ። ደብዳቢው ስሙ ጠፍቷል፤ ዝም ያለው ጓደኛም ስሙ ጠፍቷል፤ የሌስተር መደብደብ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ይህን ብለን ብናቆም ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን ሙሉ አይሆንም። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በ1903 ጊብስ በሊትል ሮክ ለጥቁሮች የተቋቋመ የቁጠባ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1908 ባንኩ ወደቀ። ከድካማቸው ቆጥበው ያስቀመጡ ሰዎች ተጎዱ፤ ጊብስም ተከሰሰ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጪ በስምምነት አለቀ። ዳኛ የነበረው ሰው በእርጅናው ተከሳሽ ሆነ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ የሚገኘው ሌሎች በተዉት መዝገብ ነው። ከዚህ የምንማረው ማንም ሰው ስለ ራሱ ብቻውን ሙሉ ምስክር ሊሆን እንደማይችል ነው። ጊብስ በወጣትነቱ የታገለለትም ይኸው አልነበረምን? የአንዱ ወገን ቃል ብቻ ተሰምቶ ፍርድ እንዳይሰጥ ነው የጮኸው። እኛም ስለ እርሱ ስንጽፍ ሁለቱንም ወገን መስማት ይገባናል።

ጊብስ በሐምሌ 1915 በሊትል ሮክ በ92 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ሐሪየት በዋሽንግተን ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቁማለች፤ ልጁ አይዳ ደግሞ የአፍሪካ ተወላጆችን ለማስተባበር በተደረጉት ጉባኤዎች ከዱቦይስ ጋር ሠርታለች። በሊትል ሮክም በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከሹመቱ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው በመደብሩ ውስጥ የቆሙት ሦስት ሰዎች ነገር ነው። አንዱ ይመታል፣ አንዱ አይቶ መናገር ተከልክሏል፣ አንዱ ደግሞ መናገር እየቻለ ዝም ብሏል። ከእኛ መካከል ከዘራ የሚያነሣ ምናልባት አይገኝ ይሆናል። በትምህርት ቤት፣ በሠፈር፣ በቤታችንም አንዱ በሌላው ላይ ሲበድል ማየታችን ግን አይቀርም። የምንናገርበት አፍም የምንጽፍበት እጅም አለን፤ የሚከለክለን ሕግም የለም። እንግዲህ በዚያን ሰዓት ከሦስቱ የማንኛቸውን ቦታ እንደምንይዝ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።